ፖስት ፒል ምን ትሰራለች፣ ምን አትሰራም?

ሰኞ ጠዋት ፋርማሲ ውስጥ ሁለት አይነት ደንበኛ አለ። አንዱ ገና ከበሩ ላይ "የራስ ምታት ስጡኝ" ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ሻምፖ የሚመርጥ መስሎ ወረፋው እስኪያልቅ ይጠብቅና ጠጋ ብሎ "ዶክተር፣ ያቺን... ፖስት" ይላል፣ ስሟን እንኳን ሳይጨርስ። ጠቅልለን እንሰጣለን፣ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ሊወጣ ይደርሳል። ማፈሩ ይገባኛል፣ ያገራችን ነገር ነው፣ ግን በዛ ጥድፊያ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሁሉ ሳይጠየቅ ይቀርና ሰዉ መልሱን ከጓደኛ፣ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ይሰበስባል፣ እዛ ደግሞ ኪኒኗ አንዴ ማስወረጃ ናት፣ አንዴ ማህፀን ታደርቃለች፣ አንዴ አንዷ ፍሬ ለወሩ ትበቃለች ይባላል። ሶስቱም ልክ አይደሉም። ሶስቱም የሚመጡት ደግሞ ኪኒኗ ሰውነት ውስጥ ገብታ የምትሰራትን አንዲት ስራ ካለማወቅ ነው፣ እሷን ካወቃችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

ስለ ስሙ ባጭሩ፦ ፖስት ፒል የንግድ ስም ነው፣ ዲኬቲ ኢትዮጵያ የሚያከፋፍላት። ፖስቲኖርን ጨምሮ ሌሎችም አሉ። ውስጣቸው ያለው ግን ሌቮኖርጅስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፣ በየቀኑ የሚዋጡት የወሊድ መከላከያ ኪኒኖች ብዙዎቹ ውስጥም በትንሽ በትንሹ ያለው። ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ ስለምትወሰድ በጤና ባለሙያ ቋንቋ ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ ትባላለች፣ እዚህ ግን ሁላችንም እንደምንላት ፖስት ፒል እያልኩ እቀጥላለሁ።

እርግዝና የሚፈጠረው ግንኙነት በተደረገበት ሌሊት አይደለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው። ከማህፀን ግራና ቀኝ እንቁላል የሚያመርቱ ሁለት እጢዎች አሉ፣ በወር አንዴ ከአንዱ አንድ እንቁላል ይወጣል። የሚወጣበት ቀን ከሴት ሴት፣ ለአንዷም ሴት ከወር ወር ይለያያል፣ በአብዛኛው ግን ቀጣዩ ፔሬድ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። የወጣው እንቁላል ቢበዛ ለ24 ሰዓት ያህል ነው በህይወት የሚቆየው። የወንድ ዘር ግን ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ድረስ መቆየት ይችላል።

እንግዲህ ሂሳቡን ስሩት። ቅዳሜ ማታ ግንኙነት ቢደረግና እንቁላሉ ማክሰኞ ቢወጣ እርግዝናው የሚጀምረው ማክሰኞ ነው፣ ዘሩ እዛው ቆይቶ። ከዛ በኋላም ቢሆን የዳበረው እንቁላል በቱቦው አድርጎ ወደ ማህፀን ወርዶ ግድግዳው ላይ እስኪጣበቅ ሌላ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ማለትም በቅዳሜውና በእርግዝናው መካከል የቀናት ክፍተት ሊኖር ይችላል። ፖስት ፒል የምትሰራው እዛች ክፍተት ውስጥ ብቻ ነው።

ታዲያ እዛ ውስጥ ገብታ ምንድነው የምታደርገው?

እንቁላሉ እንዳይወጣ ታዘገየዋለች። በቃ፣ ይሄው ነው።

እንደ ቀጠሮ አስቡት። አንዱ ቀድሞ ደርሶ ካፌ ቁጭ ብሏል፣ ከ5 ቀን በላይ ግን መጠበቅ አይችልም። ሌላዋ ገና ከቤት አልወጣችም። ፖስት ፒል ለሷ ደውላ "ዛሬ አትውጪ፣ ጥቂት ቀን ቆይ" ትላታለች። እሷ ዘግይታ ስትደርስ እሱ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል፣ አልተገናኙም። አሁን ደግሞ ሌላውን አስቡ፣ ስልኩ የተደወለው እሷ ከወጣች በኋላ ቢሆንስ? ምንም አይፈይድም፣ መንገድ ላይ ናት። ፖስት ፒልም እንደዛው ናት፣ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ፣ እንዲያውም እንዲወጣ የሚያዘው ሆርሞን ሽቅብ መውጣት ከጀመረ በኋላ የመከላከል አቅሟ በጣም ይወርዳል። "በ12 ሰዓት ውስጥ ወስጄ እንዴት አረገዝኩ?" ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ይሄ ነው፣ መድሃኒቱ ፎርጂድ ስለሆነ አይደለም (ፎርጂድ የለም እያልኩ አይደለም፣ ከመንገድ ዳር አትግዙ)።

ማስወረጃ ናት የሚባለውስ?

አይደለችም። ጉዳዩ የአመለካከት አይደለም፣ ኪኒኗ የተጀመረ እርግዝናን የማቋረጥ አቅም የላትም። እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ የወሰደች ሴት እርግዝናው ይቀጥላል፣ ፅንሱም ላይ ጉዳት እንደምታደርስ የሚያሳይ መረጃ የለም።

ወሬው ግን ዝም ብሎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፕላን ቢ በሚል ስም የምትሸጠው ይህችው ሆርሞን ማሸጊያዋ ላይ ለብዙ ዓመት "የዳበረው እንቁላል ማህፀን ላይ እንዳይጣበቅ ልታደርግ ትችላለች" የሚል መስመር ነበረባት። ያኔ እንደ ግምት የገባ ነገር ነው። ጥናቱ ሲጠራቀም ግምቱ ሳይደገፍ ቀረ፣ የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፈረንጆቹ 2022 ታህሳስ ላይ መስመሩን አስወጥቶ ኪኒኗ የምትሰራው እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ መሆኑንና የተጀመረ እርግዝና ላይ እንደማትሰራ እንዲፃፍ አደረገ። ወሬው ግን እንደ ማሸጊያው አይታረም፣ እስከ ዛሬ ይዞራል።

ሁለተኛው ምክንያት ደሙ ነው። ፖስት ፒል የወሰደች ሴት በቀጣዮቹ ቀናት ጥቂት ደም ልታይ ትችላለች፣ ሆርሞኑ የማህፀንን ግድግዳ ትንሽ ስለሚረብሸው። "አየሽ፣ ወረደ" ይባላል። የወረደ ነገር የለም። በተቃራኒው ደግሞ ደም አላየሁም ብላ "አልሰራም" ብላ ሌላ ፍሬ የምትደግም አለች፣ ደም መታየቱም አለመታየቱም ስለ እርግዝናው ምንም አይናገርም።

ለማስወረድ የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፣ ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል የሚባሉ፣ ስራቸውም አሰጣጣቸውም የተለየ፣ ጤና ተቋም ውስጥ በባለሙያ የሚታዘዙ። እነሱን ከማይታወቅ ሰው ገዝቶ ቤት መውሰድ አደጋ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት እርግዝናው ከማህፀን ውጪ፣ ቱቦው ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው፣ እነዚህ መድሃኒቶች እሱን አያስወግዱም፣ ቱቦው ከፈነዳ ደግሞ ሴቲቱ ውስጥ ለውስጥ ደማ ልትሞት ትችላለች።

በ72 ሰዓት ውስጥ ትወሰድ የሚባለው ከመቼ ጀምሮ ተቆጥሮ ነው?

ከግንኙነቱ። "ከነጋ ጀምሮ" የሚሉ አጋጥመውኛል። ደግሞ 72 ማለት እስከ 71ኛው ሰዓት ተረጋግቶ መቀመጥ ይቻላል ማለት አይደለም፣ ቅድም ያልነውን ካስታወሳችሁ እሽቅድምድሙ ከእንቁላሉ ጋር ነው፣ እንቁላሉ ደግሞ ሰዓት አይጠይቃችሁም። በ12ኛው ሰዓት መውሰድ ከ48ኛው ይሻላል፣ 48ኛውም ከ72ኛው። ከ72 እስከ 120 ሰዓት ባለውም መውሰድ ይቻላል፣ አቅሟ ግን እየደከመ ነው የሚሄደው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ከወሰዱ 100 ሴቶች 1 ወይም 2 ያህሉ ያረግዛሉ።

አወሳሰዱ ላይ ማሸጊያውን እዩት። አንዳንዱ ውስጥ ባለ 1.5 ሚሊግራም አንድ ፍሬ አለ፣ አንዳንዱ ውስጥ ባለ 0.75 ሁለት ፍሬ። ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል፣ ድሮ አንዷ ከ12 ሰዓት በኋላ ነበር የምትወሰደው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አላርም ሞልቶ መነሳት ምናምን፣ አሁን አያስፈልግም። አንዷን ውጦ ሌላዋን "ለሌላ ጊዜ" ብሎ ማስቀመጥ ግን ግማሽ መድሃኒት ወስዶ ሙሉ እንደተከላከሉ ማሰብ ነው። ከዋጣችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ እንደገና መውሰድ አለባችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስምርበት፣ ምክንያቱም በመስኮት በኩል ፈጽሞ የማይነሳ ጥያቄ ነው። የቲቢ መድሃኒት (ሪፋምፒሲን ያለበት)፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒት (ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን)፣ ወይም ከኤችአይቪ መድሃኒቶች ኢፋቪረንዝ የምትወስድ ሴት ጉበቷ ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስወግደው የተለመደው መጠን ላይበቃት ይችላል። ለነዚህ ሴቶች ወይ መጠኑ በባለሙያ ይጨመራል፣ ወይ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የምትቀመጠው መከላከያ) ይመከራል። ከበድ ያለ ክብደት ላላቸውም ሴቶች የኪኒኗ አቅም ሊቀንስ ይችላል።

ሉፕ ስል ባለ መዳብዋን ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ግንኙነት በተደረገ በ5 ቀን ውስጥ ከገባች ከየትኛውም ኪኒን በላይ አስተማማኝ ድንገተኛ መከላከያ እሷ ናት፣ ከ99 በመቶ በላይ። ከዛ እዛው ትቀመጥና ከ10 ዓመት በላይ ትከላከላለች። የፈለገች ቀን ማስወጣት ነው።

ወሰድኩ፣ ከዚህ በኋላስ?

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ጡት ማመም ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል። ፔሬድ ጥቂት ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ እንቁላሉን አዘገየነው እኮ፣ ወሩም አብሮ ይንሸራተታል። ከሚጠበቅበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ ቴስት ማድረግ ነው። ቴስቱ የሚያየው ፅንሱ ማህፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ የሚመጣን ሆርሞን ስለሆነ በሳምንቱ ሽንት ላይ ነክሮ "ኔጌቲቭ ነው" ብሎ መደሰት ዋጋ የለውም፣ ከግንኙነቱ 3 ሳምንት ሲሞላ ያለው ውጤት ነው የሚታመነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። አንድ ሰሞን ሁለቱም ተማሪዎች የሚመስሉ ጥንዶች አብረው መጡ (ይሄ ራሱ ብርቅ ነው)፣ ልጅቷ ፔሬዷ ስለቀረ ቴስት ልትገዛ ነው። "ፖስት ወስጄ ነበር እኮ" አለችኝ። "መቼ?" አልኳት። "የመጀመሪያው ቀን። ከዛ በኋላ ያው ተከላክያለሁ ብዬ..." ብላ ልጁን አየችው፣ እሱ የጥርስ ብሩሾቹን ያያል። "እና ከዛ በኋላ ሌላ መከላከያ አልተጠቀማችሁም?" ስላቸው ሁለቱም ዝም። "ለወሩ አትበቃም እንዴ?" አለ ልጁ በመጨረሻ።

አትበቃም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንቁላሉ ቀረ አልተባለም፣ ዘገየ ነው የተባለው። ማክሰኞ ይወጣ የነበረው በሚቀጥለው ሳምንት ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ኪኒኗን ከወሰዱ በኋላ ያሉት ቀናት ከመከላከያ ውጪ ግንኙነት ለሚያደርግ ሰው ከወሩ ሁሉ አስጊዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ፖስት ፒል ኋላ የቀረውን ነው እንጂ ፊት ለፊት ያለውን አትሸፍንም። ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን ደግሞ ከኋላም ከፊትም አትከላከልም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፖስት ፒል በወሰደችበት ቀን ራሱ የቀን ኪኒን፣ መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን መጀመር ትችላለች፣ ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ኮንዶም እየጨመረች።

ደጋግሞ መውሰድ ያመክናል?

አያመክንም። መድሃኒቱ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፣ ቀጣዩ እንቁላል እንደተለመደው ይመጣል። አንዴ ወስዳ ሌላ ጊዜ ያስፈለጋት ሴትም መውሰድ ትችላለች። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ፔሬድ ይዘበራረቃል፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ100 አንድ ሁለት የሚለው ዕጣ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚወጣው። ሌሎቹን በዓመት ነው የምንለካቸው፦ በተለመደው አጠቃቀም በዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች በኮንዶም 13 ያህሉ፣ በየቀን ኪኒን 7፣ በ3 ወሩ መርፌ 4 ያረግዛሉ፣ በሉፕና ክንድ ላይ በሚቀበረው ደግሞ ከ1 በታች። ልዩነቱ የመጣው ከማስታወስ ነው፣ ክንድ ላይ ያለውን የሚረሳ ሰው የለም።

ታዲያ ለምን አይጠቀሙም? ይጠቀማሉ፣ ለውጡ ትልቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2008 35 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 41 በመቶ ደርሰዋል። ከዚህ ጀርባ ያሉት በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ናቸው፣ ከ2001 ጀምሮ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ጤና ኬላ ድረስ አውርደው የሚያስገቡት እነሱ ናቸው፣ በመንግስት ጤና ተቋም ደግሞ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ያላገባችው ልጅ ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ አውጥታ፣ የሰፈር ሰው አግኝቷት "ምን ሆነሽ ነው?" ከሚላት ፋርማሲ ገብታ በሁለት ደቂቃ መውጣት ትመርጣለች። ፖስት ፒል እንዲህ የምትሸጠው ቀላል ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ማንም ስለማያይ ነው ባይ ነኝ።

የወሬው ድርሻም አለ። "መርፌ ያመክናል" የሚለው የመጣው የ3 ወሩ መርፌ ካቆሙት በኋላ ማርገዝ በአማካይ 9 ወይም 10 ወር ሊወስድ ስለሚችል ነው፣ ያገባች ሴት ለዛን ያህል ስትዘገይ አማት መጠየቅ ይጀምራሉ። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በቅርቡ ማርገዝ የምታስብ ሴት መርፌውን ትታ ሌላ ብትመርጥ ጥሩ ነው። "ፔሬድ ሲቀር ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል" የሚለውም ልክ አይደለም፣ ሆርሞኑ የማህፀኑን ግድግዳ ስለሚያሳሳው መጀመሪያውኑ የሚፈስ ነገር አልተሰራም።

ጊዜው ካለፈና እርግዝናው ከተረጋገጠስ፣ ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ፖስት ፒል ከጨዋታ ወጥታለች፣ የምንገባው ወደ ሌላ ሕግ ነው። በ1949 የወጣው የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእናቲቱ ህይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ከመውደቁ በቀር ሌላ በር አልተወም ነበር። አሁን ያለው በአዋጅ 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሰራው የወንጀል ሕግ ነው። እሱም ቢሆን ፅንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ "ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቅደውታል" የሚለውም "ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው" የሚለውም ልክ አይደለም። አንቀፅ 551 የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ መቀጠሉ የእናቲቱን ወይም የልጁን ህይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ካለው፣ ወይም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ በአካልም በስነ ልቦናም ዝግጁ ካልሆነች። ድህነት ብቻውን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አንቀፅ 550 ላይ ግን ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ተቀምጧል።

ሰዉ ከሁሉ በላይ የማያውቀው አንቀፅ 552 ላይ ያለውን ነው። ተደፍሬ ነው ያለች ሴት ያንን ለማረጋገጥ የራሷ ቃል በቂ ነው፣ የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አትባልም። ጤና ጥበቃ በ1998 ያወጣውና በኋላ ያሻሻለው መመሪያም ዕድሜን በተመለከተ ልጅቷ የተናገረችው ካርዱ ላይ ይፃፋል እንጂ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም ይላል፣ አገልግሎቱም በ3 የስራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር "መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ" ተብላ የምትመለስ አለች፣ እሱ ከሕጉ የመጣ ትዕዛዝ አይደለም።

የተደፈረች ሴት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ ያለባት ለፖስት ፒል ብቻ አይደለም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድሃኒትም መጀመር ያለበት በዛው 72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፋርማሲ መስኮት የሚገዛ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን የመሳሰሉ ህክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ጉዳዩን አንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ጤና ተቋማቱ ተዘርፈውና ወድመው ስለነበር ብዙ የተደፈሩ ሴቶች ህክምና ያገኙት ከሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ከወራት በኋላ ነው፣ ያኔ የፖስት ፒልም የኤችአይቪ መከላከያውም ጊዜ አልፎ።

ምርጫው የማን ነው?

ሕገ መንግስቱ አንቀፅ 35 ንዑስ አንቀፅ 9 ላይ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ከሚመጣ ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። መረጃ የሚለው ቃል እዛ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም መድሃኒቱን ማግኘትና ምን እንደሆነ ማወቅ አንድ አይደሉም። እስራኤል ውስጥ የሆነውን ያስታወሰ ይረዳኛል፦ በፈረንጆቹ 2012 መጨረሻ አንድ የቴሌቪዥን ምርመራ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለውን የ3 ወር መርፌ ሳይገባቸው፣ አንዳንዶቹም ተገፋፍተው እንደተወጉ ሲናገሩ አሳየ። መንግስት እንዲህ ያለ ፖሊሲ የለም ብሎ አስተባበለ፣ ጥር 2013 ላይ ግን የጤና ሚኒስቴሩ ሴቲቱ ምን እንደምትወጋ መረዳቷ አጠራጣሪ ከሆነ ለኢትዮጵያውያኑ መርፌው እንዳይታደስ የሚል መመሪያ አወጣ። መርፌው እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የሚመረጠው ያው መርፌ ነው፣ ያስቆጣው መድሃኒቱ ሳይሆን ሳይነገራቸው መወጋታቸው ነበር።

አረብ አገር ለሚሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዛ ብዙ ቦታ ሳያገቡ ማርገዝ በሕግ ሊያስከስስ ይችላል፣ ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት መርፌ የሚወጉ ወይም ክንዳቸው ላይ የሚያስቀብሩ አሉ። መርፌው በ3 ወሩ እንደሚያልቅ፣ ክንድ ላይ ከሚቀበሩት ኢምፕላኖን በ3 ዓመት፣ ጃዴል ደግሞ በ5 ዓመት ጊዜው እንደሚያልፍ የቀኑን ፅሁፍ ይዘው ይሂዱ፣ ፎቶ አንስተው ስልካቸው ላይ ቢያስቀምጡት ይሻላል፣ የትኛው እንደገባላት የማታውቅ ሴት መቼ እንደሚያልቅም አታውቅም።

ወንዱ ሊገዛ ሲመጣስ?

ይምጣ፣ ምንም ችግር የለውም፣ የሚመጡትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ችግሩ እኔ የምጠይቀውን ጥያቄ መመለስ የምትችለው እሷ መሆኗ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ከቤት ሳትወጣ ወይም በር ላይ ሆነህ ደውልላትና ይሄን ጠይቃት፦ ግንኙነቱ ስንት ሰዓት ሆነው (አንተም ታውቀዋለህ፣ ግን የተለያየ ሰዓት የምትሉ አላችሁ)፣ ከፔሬዷ ወዲህ ሌላ ያልተከላከላችሁበት ቀን ነበር ወይ፣ የመጨረሻ ፔሬዷ መቼ ነበር፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ በቋሚነት የምትወስደው መድሃኒት አለ ወይ። የመጨረሻውን ላንተ መንገር ካልፈለገች ስልኩን ለኛ ስጠን፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለን እናናግራታለን።